ውሃው መስመሩ ድረስ ይሞላ

አማቷ ለሆስፒታል ሻንጣቸውን ሲያሰናዱ ከፒጃማቸው በፊት ያሰቡት ስለ ዓሦቻቸው ነበር። የሐሞት ጠጠራቸውን ሊያወጡላቸው ነው፤ ሐኪሙ «አምስት ቀን፣ ቢበዛ ስድስት» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ሲጽፉ፣ ሲሰርዙ፣ እንደገና ሲጽፉ ሰነበቱ። ላያቸው ኑዛዜ የሚጽፉ ነበር የሚመስሉት። ጽፈው ሲጨርሱ ደግሞ ወረቀቱን ለልጃቸው አልሰጡም፤ ምራታቸውን ጠሩ።

«ሙሽሪት! ነይ እስቲ ወዲህ።»

ካገባች ሦስት ዓመት አልፏታል፣ ሆዷ ስድስት ወሩን ይዟል፣ ለእሳቸው ግን ዛሬም ሙሽሪት ናት።

«አቤት አባባ።»

«ይቺን ያዢ። እንዳትረጥብ፣ እንዳትጠፋ። ማንበብ ያቃተሽ ፊደል ካለ አሁኑኑ ጠይቂኝ፤ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ነው።»

አነበበችው። ያልገባት ፊደል አልነበረም። ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይታይባት ግን ወደ ማድቤት ገብታ ነው ፈገግ ያለችው።

አንድ ወረቀት ተሰጣት ተብሎ ይህን ያህል ደስታ ምንድን ነው ለሚል ሰው፣ ቤቱን ማወቅ ይጠይቃል። ቤቱ የሽማግሌው ነው። ሁለት መኝታ ክፍልና አንዲት ጠባብ ሳሎን። ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ሊፍት ሲጠግኑ የኖሩ፣ ዝምተኛ፣ ጣታቸው ወፍራም ሆኖ ሥራቸው ረቂቅ የሆነ ሰው ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ምግብ አብስላ አቅርባላቸዋለች፣ ሸሚዛቸውን ተኩሳለች፣ ጉንፋን ሲይዛቸው ሻይ አፍልታ አልጋቸው ድረስ ወስዳለች። እሳቸውም ሁልጊዜ «ምን አስቸገረሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይሏታል። እንዲህ የሚባለው እንግዳ ነው። የገዛ ልጅን ማን «ምን አስቸገረሽ» ይላል? እሷን የቆረቆራት ይሄ ነበር። ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም፤ ግን የቤቱ ሰው አላደረጓትም። አባቷን በልጅነቷ ያጣች ሴት ናትና፣ አማት ስታገኝ ብዙ ነገር ነበር በልቧ ያሰበችው።

በሽማግሌው ክፍል፣ ከአልጋቸው ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን ይዞ የተቀመጠ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ። ውስጡ ድንጋይ አለ፣ አሸዋ አለ፣ አንዲት የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሸርጣን አለች፣ የባሕር ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ ሁለት ቢራቢሮ ዓሦች። ቢጫ ናቸው፣ ሳህን ይመስል ከጎን የተዳመጡ፣ አፋቸው ሾጠጥ ያለ። ዓይናቸው ላይ ጥቁር መቀነት አለባቸውና ዓይናቸው አይታይም፤ ጭራቸው አጠገብ ደግሞ ጥቁር ክብ ነጠብጣብ አለ። ጠላት ጭራቸውን ራሳቸው መስሎት እንዲነክስ ነው ብለው ሽማግሌው አንድ ቀን ነግረዋታል። ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሲመጡ ሁለት ወር ሙሉ እህል አንቀምስም ብለው ነበር። ሽማግሌው የባሕር ዛጎል በቢላ እየፈለቀቁ፣ ሥጋውን ድንጋዩ ሥር እየሸጎጡ፣ ወንበር ስበው እየጠበቁ፣ በስንት ልመና አስለመዷቸው። አንዱ ሲዞር ሌላዋ አብራ ትዞራለች፤ አንዷ ድንጋይ ሥር ስትገባ ሌላው ወጥቶ ይጠብቃል። የትኛው ወንድ የትኛዋ ሴት እንደሆነች ግን እሳቸውም አያውቁም። ገንዳውን ማንም አይነካም። የባሏ እህትም አትነካ፣ ባሏም አይነካ፣ እሷማ ጭራሽ።

ባሏ የአሉሚኒየም መስኮት ገጣሚ ነው። እሷ መጋረጃ ትሰፋለች፤ የተዋወቁትም አንድ አዲስ ቤት ውስጥ፣ እሱ መስኮቱን ገጥሞ ሲወጣ እሷ መጋረጃውን ልትሰቅል ስትገባ ነው። ሳቂታ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ እጁ አያርፍም። ሆዷ መግፋት ከጀመረ ወዲህ ግን ያ ገንዳ በዓይኑ ገብቷል።

«ለልጄ አልጋ ማስቀመጫ የለም፣ ለሁለት ዓሣ ግን ግድግዳ ሙሉ!» አለ አንድ ቀን አባቱ ፊት።

«ከእነሱ በፊት እኔ ነኝ ከዚህ ክፍል የምወጣው» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ።

ያን ዕለት ከባሏ ጋር መኝታ ክፍላቸው ሲገቡ እሷ ሽንጧን ገትራ ለሽማግሌው ተከራከረች። ልጁ ከእኛ ጋር ይተኛል፣ ሰውዬው ሌላ ምን አላቸው፣ በስተርጅና ደስታቸውን አትንጠቃቸው አለችው። የቤቱ ግድግዳ ስስ ነው። ሽማግሌው ሳይሰሙ አልቀሩም። በሳምንቱ ነው እንግዲህ ወረቀቱን የሰጧት፤ «ልብ አሉኝ፤ በመጨረሻ ሰው አደረጉኝ» አለች በሆዷ። ብትደሰት ይፈረድባታል?

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

ጠዋት አንድ ሰዓት መብራቱ ይብራ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ይጥፋ። ዛጎል በቀን ሁለት ተፈልቅቆ ይሰጣቸው፤ የተረፈው ቶሎ ይውጣ። ቬንትሌተሩ ቀን ቀን እንዳይጠፋ፣ ሙቀት ይገድላቸዋል። መስታወቱ በሦስት ቀን አንዴ ይወልወል፤ ሳሙና በአጠገቡ እንዳይደርስ። ውሃው መስመሩ ድረስ ይሞላ። የጨው መለኪያው ከመሳቢያ እንዳይወጣ፣ ይሰበራል።

ይኸው ነው። ውሃው መስመሩ ድረስ ይሞላ። የቱ ውሃ? ከሃያ ሰባት ዓመት በላይ ገንዳ ሲሞላ የኖረ ሰው ይህን ለመጻፍ ብዕር አያነሳም፤ ለእሱ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብሎ እንደመጻፍ ነው። በረንዳው ላይ አንድ ሰማያዊ በርሜል አለ፣ ጨው ተበጥብጦበት የተዘጋጀ። ከጎኑ ነጫጭ ጀሪካኖች አሉ፣ ንጹሕ የተጣራ ውሃ የያዙ። ሽማግሌው በሄዱ በማግስቱ ጠዋት ውሃው መስታወቱ ላይ ከተለጠፈችው ቀይ መስመር ሁለት ጣት ወርዶ አገኘችው። በረንዳ ወጥታ በርሜሉንም ጀሪካኑንም አየች። ግራ ገባት። ለባሏ ሥራ ቦታ ደወለች።

«ውሃው ቀንሷል። ከየትኛው ነው የምሞላው? ከሰማያዊው ነው ከነጩ?»

ከጀርባው መሰርሰሪያ ሲጮህ ይሰማታል። ከዚያ መሰርሰሪያው ቆመ።

«ከሰማያዊው ነዋ! የባሕር ዓሣ አይደሉም እንዴ?» አለና ሳቀ።

እሷም በራሷ ሳቀች። እውነትም! የባሕር ዓሣ ንጹሕ ውሃ ምን ያደርግለታል?

ቆይ፣ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የባሕር ውሃ ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለውን በንጹሕ ውሃ ነው መሙላት። የጎደለውን በጨው ውሃ የሞላ ሰው በየቀኑ ጨው በጨው ላይ እየጨመረ ነው። አንድ ቀን ሁለት ቀን ምንም አይል። ሲደጋገም ግን ገንዳው ቀስ በቀስ ይመርራል፣ ዓሣው ከውስጥ ይደርቃል። ይህን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አይረሳውም። እሷ ሰምታ አታውቅም። ከየት ትስማ? መጋረጃ ሰፊ ናት።

ወቅቱ ሙቀት ነበር። ቬንትሌተሩ ቀኑን ሙሉ ውሃው ላይ ይነፍሳል፤ ውሃውም በየቀኑ አንድ ባልዲ ሙሉ ይጎድላል። እሷም በየጠዋቱ ያን ሆዷን ይዛ ወደ በረንዳ ትወጣለች፣ ከሰማያዊው ትቀዳለች፣ ወንበር ላይ ቆማ ጠብታ ሳታፈስ ቀይዋ መስመር ድረስ ትሞላለች። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ዛጎል ስትፈለቅቅ አውራ ጣቷን በቢላ ቆረጠችና በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች። ምን አለፋሽ የሚላት ሰው አልነበረም፤ እሷም አልለፋሁም ባይ ናት።

ሽማግሌው በስድስተኛው ቀን ሊወጡ ነበር፤ ቁስላቸው አመረቀዘና ትኩሳት ተነሳባቸው። ስድስቱ ቀን አሥር ሆነ፣ አሥሩ ሃያ ሆነ፤ እሷም ሾርባ እየያዘች ሆስፒታል ትመላለሳለች። በዘጠነኛው ቀን ሰማያዊው በርሜል አለቀ።

«አሁን ደግሞ ምን ይሻላል?» አለች ባሏን።

«አንቺ አትድከሚ፣ እኔ እበጠብጥልሻለሁ» አለ። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ጨው ያለበትን ባልዲ ከፈተ፣ በቆርቆሮ ስኒ እየሰፈረ በርሜሉ ውስጥ ገለበጠ፣ በእንጨት አማሰለ። እየቆጠረ እንኳ አልነበረም፣ እጁ ያውቀዋል። እሷ በረንዳው በር ላይ ቆማ ስታየው ሆዷ ባባ። ይህን ገንዳ በዓይኑ ማየት የማይፈልግ ሰው፣ ለአባቱ ብሎ፣ ለእሷ ብሎ! «ልቡ ተመለሰ» አለች። ግንባሯን ሳማት። ሌላም ጊዜ ሞላላት። አይ ሴት ልጅ፣ ስታምን!

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዓሦቹ መዞራቸውን ቀነሱ። በአሥራ አራተኛው ዛጎሉን አፋቸው ላይ ብትደቅንላቸው አልነካ አሉ። የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ፤ ብትወለውለው በማግስቱ ተመልሶ ይወጣል። ያቺ ትንሽ ሸርጣን ከድንጋዩ ወጥታ አሸዋው ላይ በጀርባዋ ተገለበጠችና ቀረች።

«አባባን ልጠይቃቸው» አለች።

«አብደሻል? ሰውዬው ትኩሳት ላይ ነው። ዓሦችህ ሊሞቱ ነው ብለሽ ልትገድዪው ነው?»

«አንድ ነገር እኮ ሆነዋል። እያቸው እስቲ፣ ትንፋሻቸው...»

«ናፍቀውት ነው። ዓሣም ይናፍቃል። ሲመጣ ይድናሉ።»

እሑድ ሁለቱም ሆስፒታል ሄዱ። ሽማግሌው ጉንጫቸው ገብቶ፣ ዓይናቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። ገና እንዳዩአት «ሙሽሪት፣ ይበላሉ?» አሉ። «ደህና ነሽ» እንኳ አላሏትም። አፏን ከፈተች። ባሏ ቀደማት።

«እንዴት አይበሉ! ከእኔ ይበልጥ ነው የሚበሉት። እኔን ነው ያስራበችኝ።»

በጎናቸው የተኛው በሽተኛም ሳቀ፣ ሽማግሌውም ቁስላቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ። ሰው ሲስቅ ማን «ውሸት ነው» ይላል? ምላሷን ዋጠች። ያን ቀን ተናግራ ቢሆን ይተርፉ ነበር ይሆን እያለች ዛሬም ራሷን ትጠይቃለች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት መብራቱን ስታበራ ትልቁ ከድንጋዩ ኋላ በጎኑ ወድቆ አገኘችው። ትንሿ አጠገቡ ቆማለች፤ ዞር ትልና ተመልሳ ትመጣለች፣ ዞር ትልና ተመልሳ ትመጣለች። እሷም በሁለተኛው ቀን ተከተለችው። ምራትየዋ ለሰው እንደሚለቀስ አለቀሰች። ባሏ ከኋላዋ መጥቶ አየና «ዓሣ እኮ ነው» አለ፣ ሄዶም ፊቱን ታጠበ። ሊጥላቸው ነበር፤ እሷ አሻፈረኝ አለች። አባባ ሳያዩአቸው አይጣሉም፣ ያጠፋሁትን አልደብቅም ብላ በላስቲክ ጠቅልላ የፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ አስገባቻቸው።

ሽማግሌው በሃያ ሁለተኛው ቀን ተሽሏቸው ወጡ። የባሏ ታላቅ እህት በአንድ ክንዳቸው፣ እሱ በሌላው ደግፈው አመጧቸው። እሷ ደጃፍ ላይ ጠበቀቻቸው። ሌሊቱን ስትወጥነው ያደረችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

«አባባ ይቅር ይበሉኝ። ሞቱብኝ። ሁለቱም።»

ክፍላቸው ገቡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ገንዳው ይንቦጫቦጫል፣ መብራቱ በርቷል፣ ውስጡ ባዶ። ብዙ ከተቀመጡ በኋላ መሳቢያውን ከፍተው መለኪያውን አወጡ፣ ውሃ ቀዱ፣ አዩ። ደፉት። እንደገና ቀድተው አዩ።

«በምንድን ነው ስትሞዪ የነበረው?»

«ከሰማያዊው በርሜል ነው አባባ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በርሜሉ የዘጠኝ ቀን ነው። ከዚያ በኋላስ?»

እሷ ወደ ባሏ ዞረች። ይናገራል ብላ ነዋ። እኔ ነኝ የነገርኳት፣ እኔ ነኝ የበጠበጥኩላት፣ ሁለታችንም ሳናውቅ ነው ይላል ብላ። አላወቀም ነበር ብላ እኮ ነው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምታስበው! እሱም ተናገረ።

«እሷ ናት የበጠበጠችው። ባልዲው ላይ የተጻፈውን አንብባ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ?»

እንዲህ ነው እንግዲህ ዓይንን በጨው ታጥቦ መዋሸት! አጠገቧ ቆሞ፣ ትከሻው ትከሻዋን እየነካ። ክው አለች።

ሽማግሌው ቀና ብለው በተከፈተው በር በረንዳው ላይ ያለውን የጨው ባልዲ አዩ። ነጭ፣ የድሮ የቀለም ባልዲ ነው። አንድ ፊደል አልተጻፈበትም። ከባልዲው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጃቸው መስኮቱን ማየት ያዘ። ነገሩ ሁሉ ሲገባቸው በፊታቸው ላይ በግልጽ አየችው፤ ጉንጫቸው ላይ አንዲት ጅማት ዘለለች። «አሁን ይናገሩልኛል» አለች። ጠበቀች።

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉ።

እህትየው ይህን ነበር የምትጠብቀው። «ያልገባሽን ነገር መጠየቅ ነውር ነው እንዴ? ሃያ ሁለት ቀን አፍ የለሽም? አባዬ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ይሄ ይጠብቀው? እኔኮ ብያለሁ፣ ለባዳ...» አለች። ወንድሟ «ተያት፣ ነፍሰ ጡር ናት» አላት። ደግ ሰው! አማላጅ ሆኖ አረፈው።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ ሥራ ከሄደ በኋላ ሽማግሌው ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ማድቤት መጡ። መጥተው አያውቁም። በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እሷ ሳህን ታጥባለች፣ አልዞረችም።

«ማሙሽ ሰባት ዓመቱ ነበር» አሉ። ማሙሽ የሚሉት ያን ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ሰውዬ፣ ባሏን ነው። «ባልዲ ይይዝልኝ ነበር። ጨው ለምን አንጨምርም አባዬ ብሎ ጠየቀኝ። በሳህን የጨው ውሃ አድርጌ ፀሐይ ላይ አስቀመጥንና ሲደርቅ አሳየሁት። ጨው አይተንም ማሙሽ፣ የሚተነው ውሃው ነው አልኩት። ነጩን በጣቱ እየነካ ሲልስ ዋለ። አይረሳውም። የጨዉን ልክም ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ሳህኑን አስቀመጠች። ውሃውን ዘጋች።

«ስለዚህ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ እንዳልበጠበጥኩም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ ትናንት ምነው አባባ? ምነው ዝም አሉ?»

«እህቱ ፊት ምን ልበል? ልጄ ሆን ብሎ ገደላቸው ልበል? ሚስቱን መግደያ አድርጎ ነው እኔ የሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለሁ ልበል? አንድ ወንድ ልጅ ነው ያለኝ። ከእሱ ተጣልቼ በዚህ ዕድሜዬ የት ልውደቅ? ማን ያስታምመኛል?»

«እኔ ነኛ! ሃያ ሁለት ቀን ሾርባ ይዞ ሲመላለስ የነበረው ማነው? እሱ ነው? እህቱ ናት?»

ጉልበታቸውን አሹ።

«አንቺ ትችያለሽ» አሉ በመጨረሻ። «እሱ አይችልም። ሰው ሲጠይቅሽ ሳላውቅ ነው በይ፤ እውነትሽንም ነው፣ ሳታውቂ ነው። እኔ ካሁን በኋላ አላነሳብሽም። በሆድሽ ያዢው፣ ያልፋል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። ድምጿ የእሷ አልመስል አላት። «ወረቀቱን ለምን ለእኔ ሰጡኝ? ለእሱ ለምን አልሰጡትም?»

ሽማግሌው ወለሉን አዩ። «ለእሱማ ፈርቼ ነው። ያን ሰሞን የሚያያቸውን ዓይን አልወደድኩትም።»

ሰው አደረጉኝ ያለችው ይሄን ነው እንግዲህ! ዘበኛ ነው ያቆሟት። ከማን እንደምትጠብቅ ሳይነግሩ፣ ባዶ እጇን።

«ከእሱ ተጠንቀቂ ለምን አላሉኝም አባባ? አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ቢጽፉልኝ ይበቃ ነበር።»

«ባልሽ ነዋ! ከባልሽ ተጠንቀቂ ብዬ ልጻፍ?»

ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው «ምን አስቸገረሽ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። ሄዱ። እሷ እዚያው ቆማ ቀረች። ማልቀስ ፈለገች፣ እምቢ አላት።

ባሏ ከቀትር በኋላ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የያዘችው። «ታውቅ ነበር።»

መካድ እንኳ አልሞከረም። ድካም የተጫነው ሰው መስሎ ተቀመጠ። «ለማን ብዬ ነው? ለልጁ ብዬ፣ ለአንቺ ብዬ ነው። ስንት ጊዜ ለመንኩት፣ ሰማኝ? ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።»

«ዓሦቹን ተዋቸው። እኔስ?»

«አንቺ ምን ሆንሽ? አንቺን አይጠላሽም። ሳታውቂ ነው፣ ይረሳልሻል። እኔ ብሆን ግን እስኪሞት አይረሳልኝም። አባቴ ነው፣ አውቀዋለሁ።» እጇን ያዘ። «በቃ አለፈ እኮ። ለሁለት ዓሣ ትዳር አይፈርስም።»

አባትና ልጅ ሳይመካከሩ አንድ ነገር ነው የተናገሩት። አንቺ ትችያለሽ። የማን ትከሻ ሰፊ እንደሆነ ተስማምተዋል፤ ያልጠየቋት ባለትከሻዋን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ባሏ ከሥራ ባልደረባው ጋር ገንዳውን አፍስሶ አወጣው። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው መንገዱን ሲያዩ ቆዩ፤ አንዴም አልዞሩም። የግድግዳው ቀለም ገንዳው በነበረበት ልክ ደብዝዞ ቀርቷል። ባሏ ተደስቷል። ያፏጫል። «የአባዬን አልጋ ደግሞ ወደ ሳሎን ብናወጣው ክፍሉ ጥሩ ይሆናል። ሳሎን ይሞቃል፣ ለቁስሉም ይስማማዋል» አለ፣ በረንዳው ድረስ እንደሚሰማ እያወቀ። ሽማግሌው ሰሙ። ትከሻቸው ትንሽ ወረደ። ለእሱ ብለው እሷን የሸጡለት ልጃቸው ነው፤ አሁን ምን ብለው ይናገሩ?

ባሏ ሜትሩን ከወገቡ መዘዘ። «እስቲ ጫፉን ያዢልኝ። የልጁን አልጋ ልክ እንውሰድ።»

ሆዷን ይዛ ተንበረከከች። የሜትሩን ጫፍ ከማዕዘኑ ጋር አጣብቃ ያዘች። እሱ እየዘረጋ እስከ በሩ መቃን ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አነበበ።

«አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት።»

ጫፉን በተረከዟ ረገጠችና ቀና አለች። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወደ እሱ ሄደች፣ ጎንበስ ብላ ከጣቱ ሥር ያለውን ቁጥር ለራሷ አየች። አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት ነበር።

«ምነው፣ አላመንሽኝም እንዴ?» አለና ሳቀ።

እውነቱን ነበር የነገራት። ግን ከእንግዲህ ይህ ሰው ዝናብ ጣለ ቢላት መስኮት ከፍታ ሳታይ እንደማታምነው ያን ጊዜ ገባት። ልጁም ሊወለድ ሦስት ወር ነው የቀረው። ወደ ማዕዘኑ ተመለሰችና ተንበረከከች፣ ጫፉን ያዘች።

«እንደገና ዘርጋው» አለችው።